የፋሲል ግቢን ለጎብኚ በቅጡ ማስረዳት፦ ደረጃ በደረጃ

ጎንደር ከተማ ያለው ፋሲል ግቢ የገባ ሰው ብዙ ነገር ያያል። ከሚያየው ውስጥ የሚገባው ግን ጥቂቱ ነው። ግንቦቹ ያምራሉ። ፎቶ ይነሣል። አስጎብኚው የነገሥታቱን ስም በተርታ ይጠራል፣ ከዚያ ጉዞ ወደ መውጫው። በሩ ላይ "እንዴት ነበር?" ብትሉት "በጣም ያምራል" ይላችኋል። አንድ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል ግንብ ለምን ተደረደረ? ማን ይኖርበት ነበር? ግማሹን ምን አፈረሰው? ይህን ብትጠይቁት ዝም ይላል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በሚገባው መንገድ የነገረው የለም።

ይህ መመሪያ ግቢው ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። አስጎብኚዎች፣ የቅርስ ባለሙያዎች፣ የባህልና ቱሪዝም ሠራተኞች፣ በፈቃደኝነት መርዳት የሚፈልጉ የታሪክ መምህራንና ተማሪዎች ይጠቀሙበታል ብዬ አስባለሁ። ገንዘብ የማይጠይቀውን ሥራ አስቀድሜያለሁ። አብዛኛው ለውጥ የሚመጣውም ከእሱ ነው።

1. መጀመሪያ ጎብኚውን ተከተሉት

ሰሌዳ ከማሠራታችሁ በፊት ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ግቢው ውስጥ ቁሙ። ሦስት ቦታ ይበቃል፦ ትኬት መቁረጫው አጠገብ፣ የፋሲል ግንብ ፊት ለፊት እና የኢያሱ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ጋ። አንድ ጭር ያለ ቀን ምረጡ፣ አንድ ደግሞ ሰው የሚበዛበትን። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ሰው የት ይቆማል? ስንት ሰከንድ? የትኛውን ጽሑፍ ጀምሮ ይተዋል? የት ደርሶ ግራ ገብቶት ይመለሳል? ልጆቹ ምን ይነካሉ?

ጥያቄዎቹን በተለይ ቃል በቃል ጻፉ። "ሽንት ቤቱ የት ነው?" የሚለውንም ጭምር። ሽንት ቤት የሚፈልግ ሰው ስለ አድያም ሰገድ ኢያሱ የሚነገረውን አይሰማም።

መውጫው ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ቤት ሲገቡ ስለዚህ ቦታ ምን ብለው ያወራሉ?" "ወደዱት ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ሰዉ ጨዋ ነው፣ ሁሉም "አዎ" ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ምን እንደያዘ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።

ጎብኚው አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ታያላችሁ። ከትምህርት ቤት በአውቶቡስ የመጡ ልጆች አሉ። ከውጭ አገር የመጣ ዳያስፖራ አለ፤ አማርኛ በደንብ ለማይሰሙ ልጆቹ የአገራቸውን ታሪክ ሊያሳይ ይፈልጋል። ለጥምቀት የመጣ ምእመን አለ። ፎቶ ለመነሣት የሚመጡ ሙሽሮች አሉ። ታሪክ አንብቦ የመጣ የውጭ ቱሪስት አለ። አንድ ገለጻ ለሁሉም አይበቃም። አንድ ዋና ሐሳብ ግን ሁሉንም ሊያገለግል ይችላል።

2. ዋናውን ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ

ከባዱ ሥራ ይህ ነው፤ ብዙ ሰውም ይዘለዋል። ጎብኚው ከግቢው ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ምን ይሁን? መልሱን ተሰብስባችሁ ተከራከሩበት። እኔ ብሆን ይህን እመርጣለሁ፦

"ከቦታ ቦታ ሲዞር የኖረው መናገሻ እዚህ ረጋ፤ ከዚያ የመጡት ነገሥታት ደግሞ በየተራቸው የራሳቸውን ቤት ከአባታቸው ቤት ጎን ሠሩ።"

ይህ ዐረፍተ ነገር ብዙ ነገር ይፈታል። ጎብኚው መጀመሪያ የሚገርመው ግንቦቹ ብዙ መሆናቸው ነው፣ ምክንያቱን ያገኛል። ፋሲል የራሱን ሠራ። ቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና የጽሕፈት ቤት ጨመረ። ቀዳማዊ ኢያሱ (አድያም ሰገድ) የራሱን ቤተ መንግሥት አቆመ። ሦስተኛው ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፣ በካፋ የግብር አዳራሽ፣ እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ የራሷን ግንብ። ፋሲል ከነገሠበት ከ1632 እስከ ዳግማዊ ኢያሱ ሞት 1755 እ.ኤ.አ. ድረስ ያለውን መቶ ሃያ ዓመት ገደማ ጎብኚው በእግሩ እየሄደ ያነበዋል።

ዐረፍተ ነገሩ ከተስማማችሁበት በኋላ መቀስ ይሁናችሁ። ከእሱ ጋር የማይያያዝ መረጃ፣ እውነት ቢሆንም፣ ከሰሌዳው ይውጣ። የትውልድ ሐረግ ዝርዝር፣ የግድግዳ ውፍረት፣ ማን ማንን አገባ፤ እነዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ አላቸው።

3. የምትናገሩትን አጣሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አሁን ግቢው ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ በወረቀት አውጡና ሦስት ክምር አድርጉ።

አንደኛው ክምር በሰነድ ወይም በሕንፃው በራሱ የሚረጋገጥ ነው። ለምሳሌ ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መግባቱ፣ የሚከበው አጥር 900 ሜትር ያህል መሆኑ፣ የፋሲል ግንብ በማዕዘኖቹ አራት ክብ ማማዎች ያሉት መሆኑ።

ሁለተኛው በአፍ የሚነገር ነው። የኢያሱ ቤተ መንግሥት ውስጡ በዝሆን ጥርስና በወርቅ ያጌጠ እንደነበር የሚወራው፣ ደርቡሾች (የሱዳን መሐዲስቶች ጦር) የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ሊያቃጥሉ ሲመጡ ንብ አባረራቸው የሚባለው። ይህን አትጣሉት። ሕዝቡ ያቆየው ትዝታ ነው፤ ብዙ ጎብኚም ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው እሱን ነው። ግን "ይነገራል" በሉ። አንዲቷ ቃል ታማኝነታችሁን ትጠብቃለች።

ሦስተኛው አከራካሪ ወይም ስሕተት የሆነው ነው። ሁለት ምሳሌ ልስጥ፣ ሁለቱም በየቀኑ ይሰማሉ።

"ግንቡን ፖርቱጋሎች ሠሩት።" ይህ እንዲህ በደፈናው ሲነገር ትክክል አይደለም። ፋሲል ኢየሱሳውያንን (የካቶሊክ ሚስዮናውያንን) ከአገር ያባረረ ንጉሥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 ወደ ጎንደር የመጣው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን አይቶ ጽፏል፣ ያነጸው ሰው ሕንዳዊ እንደነበርም ተናግሯል። ዩኔስኮም በሥፍራው ሕንፃዎች ላይ የሕንድና የዐረብ አሻራ፣ በኋላም በኢየሱሳውያን በኩል የመጣ የባሮክ (የአውሮፓ የሕንፃ ስልት) አሻራ እንደሚታይ ይገልጻል። ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ እንጨቱን የገጠመው የአገሩ ሰው ነው። እንግዲህ ለጎብኚው የሚሻለው እውነቱን መንገር ነው፦ የተለያየ አገር እውቀት እዚህ ተገናኝቶ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ተሠራ። ይህ ከ"ፖርቱጋሎች ሠሩት" በላይ ይስባል።

"በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ግንብ ነው።" ይህም አይደለም። እንፍራንዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ የሠርፀ ድንግል ነው፤ ሠርፀ ድንግል ደግሞ የነገሠው ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. ነው። የፋሲል አባት ሱስንዮስም የድንጋይ ቤተ መንግሥት ነበረው። ፋሲል ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ ግንቡን የቋሚ መናገሻ ልብ አደረገው።

ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ የሰሌዳ ዐረፍተ ነገር ምንጩ የተጻፈበት ፋይል ይኑራችሁ፦ የትኛው ዜና መዋዕል፣ የትኛው የመንገደኛ ማስታወሻ፣ ገጽ ስንት። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ኢያሱን ሊያክም መጥቶ ያየውን ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 መጥቶ ጽፏል። አንድ ተማሪ "ከየት አመጣችሁት?" ብሎ ሲጠይቅ መልስ ሊኖር ይገባል። የዓለም አቀፉ የቅርስ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ኢኮሞስ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ያጸደቀው የቅርስ ገለጻ ቻርተርም የሚለው ይህንን ነው፦ ገለጻ ከተረጋገጠ ምንጭ ይነሣ፣ የአፍ ታሪክም ይከበር፣ ይመዝገብ።

አንድ ነገር ልጨምር። የፈረሰውን አትሸፋፍኑ። ጎብኚው ጣራ የሌለው ቤት ፊት ቆሞ "ይህን ምን አፈረሰው?" ማለቱ አይቀርም። የኢያሱን ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ጣሊያኖች ግቢውን ይዘው ሳለ የእንግሊዝ ቦምብ ደረሰበት። ከተማዋን ቴዎድሮስ በ1866፣ ደርቡሾች በ1888 እ.ኤ.አ. አቃጥለዋታል። ጣሊያኖች በተራቸው በሲሚንቶ የጠገኑት አለ። ይህ ሁሉ የግንቡ ታሪክ ነው። ቴዎድሮስን የሚወድ ሰው ቢከፋው እንኳ ሳይጨመርበት፣ ሳይቀነስበት ይነገር።

4. የማይታዩትን ሰዎች አምጧቸው

ግቢው ውስጥ ንጉሥ ብቻውን አልኖረም። ወጥ ሠሪ፣ ጠጅ ጣይ፣ ፈረስ ጠባቂ፣ ጸሐፊ፣ ፈታይ፣ እምቢልታ ነፊ፣ ዳኛ ነበር። የግቢው አሥራ ሁለት በሮች ስም ራሱ ይመሰክራል፦ ወንበር በር (የዳኞች)፣ አደናግር በር (የፈታዮች)፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር (የፈረስ ጠባቂዎች)፣ ተዝካሮ በር እያለ ይቀጥላል። በየበሩ አንድ ሰው አቁማችሁ ታሪኩን ከእሱ ወገን ንገሩ። "በዚህ በር ማን ይገባ ነበር? ምን ተሸክሞ?" ማለት ከዘመነ መንግሥት ቁጥር የበለጠ ይያዛል።

ከአጥሩ ውጪም ተመልከቱ። እጨጌ ቤት አለ፣ አቡን ቤት አለ። የሙስሊሞች ሰፈር አዲስ ዓለም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ተወስኖ ነበር፣ ይህም መነገር አለበት። ቤተ እስራኤል በግንበኝነትና በአንጥረኝነት የዚህች ከተማ እጅ ነበሩ። ምንትዋብ ደግሞ ከልጇ ጋር ዘውድ ጭና አገር ያስተዳደረች፣ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ያሠራች ሴት ናት። "የበካፋ ሚስት" ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ሴት ተማሪዎች ሲመጡ ገለጻውን ከእሷ ግንብ ጀምሩ፤ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

5. መንገዱን አስተካክሉ

መግቢያው ላይ አንድ ትልቅ ካርታ ይቁም። ካርታው ላይ "እዚህ ነዎት" የሚል ምልክት፣ የሕንፃዎቹ ስም፣ ሽንት ቤት፣ ጥላ ያለበት መቀመጫ፣ ደረጃ የሚበዛበት ቦታ ይታይ። ግቢው ሰባት ሄክታር ያህል ስለሆነ የግማሽ ሰዓትና የሁለት ሰዓት ጉዞ ለይታችሁ በሁለት ቀለም አሳዩ።

ቅደም ተከተሉ በዘመን ቢሆን ደስ ይለኛል፦ ፋሲል፣ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ ምንትዋብ። ዋናው ሐሳባችን የሚታየው እንዲህ ሲኬድ ነው። ግን ሰው በፈለገው በኩል እንደሚሄድ እወቁ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰሌዳ ለብቻው ቢነበብም ይግባ። "ከላይ እንደተጠቀሰው" የሚል ነገር ሰሌዳ ላይ አይጻፍ።

6. ሰሌዳውን ጻፉ

ሰው ቆሞ፣ ፀሐይ እየመታው፣ ልጅ እየጎተተው ነው የሚያነበው። ስለዚህ ለአንድ ሰሌዳ ከ50 እስከ 70 ቃል በአማርኛ ይበቃል። ርዕሱ ብቻውን ቢነበብም አንድ ነገር መንገር አለበት። "የፋሲል ግንብ" ስም ነው፤ የሚነግረው ነገር የለም። "ንጉሡ የረጋበት ቤት" ግን ይናገራል።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይ። ብዙ ቦታ የሚታየው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

"ይህ ግንብ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት (1632–1667) የታነጸ ሲሆን በአራቱም ማዕዘናት ክብ ማማዎች ያሉት፣ ከድንጋይና ከኖራ የተገነባ፣ ለተለያዩ አገልግሎቶች የዋለ ታሪካዊና ጥንታዊ ቅርስ ነው።"

ስሕተት የለበትም። ግን ማንም ጨርሶ አያነበውም። አሁን ይህን እዩ፦

"ንጉሡ የረጋበት ቤት
ከአፄ ፋሲል በፊት የነበሩ ብዙ ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት በድንኳን ነው። ሠራዊቱ ሲነሣ ቤተ መንግሥቱም አብሮ ይነሣል። ይህ ቤት ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ቀና ይበሉና አራቱን ክብ ማማዎች ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1648 የየመን መልእክተኛ እዚህ መጥቶ ያየውን ጽፎልናል። ያየው እርስዎ አሁን የሚያዩትን ድንጋይና ኖራ ነው።"

ሁለተኛው ጎብኚውን ያነጋግረዋል፣ ዓይኑን ወደ ሕንፃው ይመልሰዋል፣ ከዋናው ሐሳብም አይወጣም። ይህን አካሄድ ያዙ፦ አንድ ሐሳብ፣ አንድ "ይመልከቱ"፣ አንድ ሰው። አጭር ዐረፍተ ነገር። "የታነጸ ሲሆን"፣ "የሚገኝ ሲሆን" እያሉ ማንዛዛት ይቅር።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ብዙ ሰው ያምታታል። "1632" ብቻ ብትጽፉ የአገር ልጅ ዓመተ ምሕረት ይመስለዋል። በአማርኛው ጽሑፍ ዓ.ም.ን አስቀድሙ፣ እ.ኤ.አ.ን በቅንፍ አድርጉ፦ ፋሲል ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. (ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ.) ነገሡ። በእንግሊዝኛው ግልባጩን። የመቀየሪያው ልዩነት እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለሆነ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ይየው።

እንግሊዝኛው የአማርኛው ቃል በቃል ግልባጭ አይሁን። አማርኛ አንባቢ "እቴጌ" ሲባል ይገባዋል፤ እንግዳው ግን ማብራሪያ ይሻል። እንግዳው ባሮክን ያውቀው ይሆናል፤ የአገር ልጅ ላያውቀው ይችላል። ሁለቱንም ለየራሳቸው አንባቢ ጻፉ፣ ከዚያ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ያርመው። በፊደል ስሕተት የተሞላ ሰሌዳ ግንቡን ያዋርደዋል።

ፊደሉ ትልቅ ይሁን። የአማርኛ ፊደል ቅርጹ ስለሚወሳሰብ በእንግሊዝኛው መጠን ሲጻፍ ለዓይን ይጠብቃል፤ ከፍ አድርጉት። ጥቁር ጽሑፍ በነጣ መደብ ላይ ይሁን። ፎቶ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ፀሐይ ሲያርፍበት አይነበብም።

አንድ የማይታለፍ ነገር፦ ብረት ላይ ከማሳተማችሁ በፊት ተራ ወረቀት ላይ አትማችሁ ካርቶን ላይ ለጥፉና ቦታው ላይ አቁሙት። አንድ ሳምንት ይቁም። አሥር ያህል ሰው ሲያነበው ተመልከቱ፣ ከዚያ "ምን ይላል?" በሏቸው። የተሳሳተ ነገር ከነገሯችሁ ጽሑፉን አስተካክሉ። ወረቀት መቀየር ርካሽ ነው፤ የታተመ ብረት መቀየር ግን በጀት ይበላል።

7. አስጎብኚውን አግዙት

ከየትኛውም ሰሌዳ አስጎብኚ ይበልጣል። ጎብኚው የሚያስታውሰው እሱን ነው። ግን ብዙ ጊዜ አስጎብኚው ከቀደመው የሰማውን ይደግማል፣ እንዲያነብም ጊዜና መጽሐፍ አያገኝም። ከደረጃ 3 ያወጣችሁትን ፋይል ለሁሉም አካፍሉ። በወር አንድ ጊዜ ተሰብሰቡ። አንድ ሰው አንድ ሕንፃ ይዞ ይምጣና ለባልደረቦቹ ያስጎብኝ፤ ሌሎቹ ይጠይቁት።

አነጋገር ላይ ሦስት ነገር እመክራለሁ። ከመናገራችሁ በፊት እንግዳው ከየት እንደመጣና ምን እንደሚፈልግ ጠይቁ። በየማቆሚያው መጀመሪያ ዝም በሉና ያይ፤ እያየ የሚነገረው ነገር ጆሮው ውስጥ ይቀራል። እንዲሁም "አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ" ማለትን አትፍሩ። ያልሆነ ነገር ፈጥሮ መመለስ ግን ከነገ ወዲያ በሌላ ሰው አፍ ታሪክ ሆኖ ይመለሳል።

ፀሐይም አትርሱ። አዛውንት ይዛችሁ ሜዳ መሐል አሥር ደቂቃ አትቁሙ። ረዘም ያለውን ንግግር ጥላ ሥር አድርጉት።

8. ባዶውን ክፍል ሙሉት፣ ግን አታስመስሉ

ግንቦቹ ውስጥ የሚታየው ባዶ ክፍል ነው። የበካፋ አዳራሽ ውስጥ የቆመ ሰው ግብሩን፣ ጠጁን፣ የሰዉን ጫጫታ በምናቡ ማምጣት ከባድ ነው። የሚረዳው ጥሩ የእጅ ሥዕል ነው። ክፍሉን ሰው ሞልቶበት የሚያሳይ አንድ ሥዕል፣ ጎብኚው ከቆመበት አቅጣጫ ተስሎ፣ ከብዙ ጽሑፍ ይበልጣል። ሥዕሉ ሥር "ከሰነዶች በመነሣት የተሳለ ግምት" ብላችሁ ጻፉ።

የዘመኑን ዕቃ የሚመስል አዲስ ዕቃ ብታስቀምጡ አዲስ መሆኑን አትደብቁ። ልጆች ሊነኩት የሚችሉ የተጠረበ ድንጋይ፣ የኖራ ጭቃ፣ የቀንድ ዋንጫ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይኑር። መነካት ያለበት ይህ ነው፣ ግድግዳው አይደለም። ይህን ጠረጴዛ ዓይነ ስውር ጎብኚዎችም ይጠቀሙበታል።

ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ደግሞ ከላይ የሚታየውን በትልቅ ፎቶ ምድር ቤት አሳዩ። ወጪው ትንሽ ነው። ለአንድ እናት ግን ሙሉ ጉብኝት ነው።

9. ከመትከላችሁ በፊት ፈቃድ

ግቢው የዓለም ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. የተጠበቀ ነው። ምስማር መምታት፣ ግድግዳ መብሳት፣ መሠረት መቆፈር አይቻልም። ከምንም በፊት ሐሳባችሁን በጽሑፍና በሥዕል ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አቅርቡ፣ ከአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ጋር ተነጋገሩ። የሰሌዳው እግር በራሱ ክብደት የሚቆም፣ ሲነሣ ምልክት የማይተው ይሁን። ቁመቱ ልጅም በዊልቸር ያለ ሰውም እንዲያነበው ከ75 እስከ 90 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ፊቱም ዘንበል ያለ ቢሆን ጥሩ ነው። ሰው ፎቶ በሚነሣበት አቅጣጫ አትትከሉት። የሁሉም ፎቶ ላይ ሰሌዳ ከገባ ቅሬታው አያልቅም።

10. ስልክ

ኪውአር ኮድ ይጠቅማል፣ ግን የሰሌዳ ምትክ አይደለም። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ባትሪ ሲያልቅ ምንም አይቀርም። ድምፅ ካዘጋጃችሁ በአንድ ማቆሚያ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ፤ ትኬት መቁረጫው ጋ አስቀድሞ እንዲወርድ አድርጉ። የደብተራ ዜማ ወይም የእምቢልታ ድምፅ ብታስገቡበት ያምራል። አዛውንቶች የሚያወሩትን የአፍ ታሪክ በራሳቸው ድምፅ መቅረጽም ሳይዘገይ ቢሠራ መልካም ነው። ስማቸውና ፈቃዳቸው አብሮ ይመዝገብ።

11. ከአጥሩ ውጪ ያለውን አያይዙ

ዩኔስኮ የመዘገበው ይህን ግቢ ብቻ አይደለም። የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አብረው አሉ። ጎብኚው ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም። መውጫው ላይ "ታሪኩ የት ይቀጥላል?" የሚል አንድ ሰሌዳ አድርጉ፦ ርቀቱን፣ በእግር ወይም በባጃጅ መሄጃውን፣ የሚከፈትበትን ሰዓት።

መዋኛው ላይ የሚነገረው በወቅት ይለያይ። በአዘቦት ቀን ገንዳው ባዶ ነው። ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተስቦ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ስለዚህ ሞልቶ የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ይቁም። ጥር 11 ሲደርስ ደግሞ ገለጻው ወደ ጎን ይበል። ያኔ ቦታው የጸሎት ቦታ ነው፤ እንግዳው የሚያስፈልገው የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚለብስ፣ መቼ ፎቶ እንደማይነሣ የሚነግረው አጭር ወረቀት ነው። ጥምቀት በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መመዝገቡም እዚያው ላይ ይጠቀስ። አብያተ ክርስቲያናቱን በተመለከተ ምንም ከመጻፋችሁ በፊት ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር ተማከሩ። ቤቱ የእነሱ ነው።

12. ኃላፊ መድቡለት

ሰሌዳ ተመርቆ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ብዙ ጊዜ ባለቤት ያጣል። ፀሐይ ያነጣዋል፣ ወፍ ያቆሽሸዋል፣ ልጅ ይጭረዋል። አንድ ሰው በስም ይመደብ። በሳምንት አንድ ቀን ይዙር፣ ይጥረግ፣ ፎቶ ያንሣ፣ የተበላሸውን ይጻፍ። የሁሉም ሰሌዳ የኮምፒውተር ፋይል በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ያሠራው ድርጅት ጋ ብቻ ከቀረ አንድ ቀን አንድ ፊደል ለማረም ሁሉንም እንደገና ማሠራት ይመጣል።

ትኬት መቁረጫው ጋ የአስተያየት ደብተር አስቀምጡ። በየወሩ መጨረሻ አስጎብኚዎች ሲሰበሰቡ ይነበብ። ሦስት ሰው ያነሣው ስሕተት ካለ በሚቀጥለው ወር ታርሞ ይገኝ፤ ያረመው ሰው ስምና ቀኑም ምንጮቹ ባሉበት ፋይል ውስጥ ይጻፍ።